በሽርጥ የተለካች መኪና

ሰውየው ከቀይዋ የስፖርት መኪና የወጣው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው በሁለት እጁ ተደግፎ ነው። መካኒኩ ሙሐመድዘይን በከሚሴ ከተማ አስፋልት ዳር ካለው ጋራዡ በር ላይ ሆኖ አየው። ጫማው ነጭ፣ ጸጉሩ ገና ዛሬ የተስተካከለ ወጣት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አከም ጂርታ?» ብሎ በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ሞላዎች አወረደ። «ስገዛት እንዲህ ዝቅ ተደርጋ ነበር። ወደ ጥንቱ ከፍታዋ መልስልኝ፣ ወንድሜ።»

«መንገዱ አስመረረህ?»

«መንገዱስ ይቻላል።»

ሙሐመድዘይን አጫጭሮቹን ሞላዎች አውጥቶ ረጃጅሞቹን እስኪያስገባ ድረስ ሰውየው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ ሰውየው ከውስጧ ሽርጥ አውጥቶ በሱሪው ላይ አገለደመና ከዘራ ያዘ። ወደ መሪው ግን አልሄደም። በተሳፋሪው በኩል መቀመጫውን አስቀድሞ ገባ፤ ከዚያም ጉልበቱን በእጁ እያነሳ እግሮቹን አንድ በአንድ አስገባ።

ሙሐመድዘይን ሊስቅ ብሎ ተወው። የጨፋ ሽማግሌዎች ሚኒባስ የሚገቡት ልክ እንዲህ ነው።

ሰውየው ከዘራውን ተደግፎ ወጣና ቁልቁል እግሩን አየ። ሽርጡ ከጉልበቱ በላይ አልተሰበሰበም።

«ባለፈው ዒድ አባባ ከመኪናዋ ሲወርዱ ሽርጣቸው ሰው ፊት ተገለጠባቸው» አለ። «ከዚያ ወዲህ ይምጡ ልውሰድዎት ብላቸው፣ መኪናህ ዝቅተኛ ናት ይሉኛል። አሁን እንግዲህ ሰበብ የላቸውም። አሁንም እምቢ ካሉ፣ ነገሩ ከመኪናዋ አልነበረም ማለት ነው።»

ደስ ያለው ግን አይመስልም። ሽርጡን ፈትቶ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው፤ እንደገና አጠፈው።