ወደ «ሟቾች» የተዛወረው ገጽ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ለእኔ ብለው የተረቱት ይመስለኛል። ሰው ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፤ ዝም ሲለኝ ደግሞ ምን ደብቆ ነው እላለሁ። በዚህ አመሌ ከሰው ጋር ልቦለድ መጻፍ መቻሌ ራሱ ይገርመኛል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በከተማችን ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ኢንተርኔት ቤት የነበረው ነጋዴ፣ ሴቻ በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የሚያስተምር የሂሳብ መምህርና እኔ ሆነን ዊኪ በሚሉት የኢንተርኔት መጻፊያ ላይ ልቦለድ ጀመርን። አንዳችን የጻፈውን ሌላው ገብቶ መቀጠልም ማረምም ይችላል። ሐይቅ ዳር ያለች የፈጠራ ከተማ ነበረችን፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ከፍተናል። የእኔ ሰው የሙዝ ማሳውን ትቶ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ወጣት ነው። ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ታናሽ ወንድሜ እናታችን ካለችበት መንደር ከጫኖ ተነስቶ፣ ከመምህሩ የአክስት ልጅ ጋር በዚያው መንገድ ሄዷል። ድምፁን ከሰማን ወራት አልፈው ነበር። እኔ ግን ገጹ ላይ አንዴ ጭነት መኪና ላይ፣ አንዴ ሱቅ ውስጥ እያዋልኩ አቆየዋለሁ። እዚያ እስካለ ድረስ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

ገጾቹ ሲበዙ ፍለጋው አታከተን። መምህሩ «እኔ ላደራጃቸው» አለ። «ሰዎች» የሚል ዋና ገጽ ከፈተ፤ በስሩ «ሕያዋን» እና «ሟቾች» የሚሉ ንዑስ ገጾች አበጀ፤ ገጸ ባሕርያቱን እየለየ ከሁለቱ በአንዱ ስር አስገባ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲቀላ ወርጄ ብከፍተው፣ የእኔ ሰው «ሟቾች» ስር ተቀምጧል።

ደሜ ፈላ። እኔ አልገደልኩትማ! ገጹን ማን እንደነካው የሚያሳየውን የለውጥ ታሪክ ባየው ያዛወረው መምህሩ ነው። ይህ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ «ይሄ ልጅ ካልሞተ ታሪኩ አያስለቅስም» ሲለኝ ኖሯል። በቃ፣ ታሪኬን ሊነጥቀኝ ነው አልኩ። ገጹን ወደ «ሕያዋን» መለስኩና ደወልኩለት።

«በእኔ ሰው ላይ ማን ሾመህ?»

«ተሳስቼ ነው። ይቅርታ» አለኝ።

ይቅርታ! ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ይቅርታ አለኝ። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብዬ ነጋዴውን አየሁት። ሌላ ጊዜ «ደራሲዋ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትገድይ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል። የዚያን ቀን ግን የሬዲዮኑን ዘፈን ዘጋ።

«እህቴ፣ ሻይ ላስመጣልሽ?»

«ምን ተፈጠረ?»

«ኧረ ምንም። እናትሽ ደህና ናቸው?»

እናቴን መቼ ጠይቆኝ ያውቃል? ሻዩን ሳልጠብቅ ወደ ጫኖ ሄድኩ።

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ከጎረቤቷ ጋር ትጫወታለች። ደህና ናት፤ እንዲያውም ትስቃለች። ጎረቤቷ እኔን ስታይ «ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ብድግ አለች። ከደጋ የመጣች አክስቴ ደግሞ የተጠረገውን ቤት እንደገና ትጠርጋለች። ምን አመጣሽ ብላት «ናፍቃችሁኝ ነው» አለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ መጨረሻ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። አገር ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ መርዶ በማለዳ ይነገራል። እስከዚያው ሁሉም አፉን ይዞ ይስቅልሃል። እኔም ለስንቱ እንደዚያ ስቄያለሁ። ይህን እያወቅሁ ለእናቴ ምንም ሳልል እዚያው አደርኩ። ፈራሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማሁና ወጣሁ። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው መምህሩ አለ። እኔን ሲያይ ቀረብ አለ።

«የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ደወለልኝ። ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ ዝም በል አሉኝ። አፌን ስጠብቅ እጄ አመለጠኝ።»

«በዓይኑ አይቷል?»

«እሱ ነው የቀበረው።»

የአጥሩን እንጨት ያዝኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «በይ ልጄ፣ እናትሽን ቀስቅሻት» አሉኝ።

«ትንሽ ትተኛ» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። መምህሩ ቆሞ ቀረ። ቤት ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ማነው?» አለች እናቴ።

«ማንም የለም እማዬ፣ ተኚ» አልኳት።