ዲኑ በጌታነሽ ፊት የበላ ቀን

ዶክተር ጌታነሽ ከራቤል ከተማ በታች ባለች መንደር ያደገች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ከመንደሯ ሐኪም ሆኖ የወጣ ከእሷ በፊት የለም። ጨዋ ነኝ ባዩ ሁሉ በእናቷ ድስት ወጡን ይሠራል፤ እናቷ ስታልፍ ግን «ቡዳ መጣች» ብሎ ሌማቱን ይከድናል። ድስቱ ንጹሕ፣ ሠሪዋ ሰው በላ። ይህን ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር አቶ ዳኜ በማዕረግ ይመረቅበት ነበር።

ዳኜ የጤና ኮሌጅ ዲን ነው፤ ክራባት ያሰረ የፊውዳል ርዝራዥ። ዘንድሮ የመግቢያ ፈተናውን ያለፉ ሦስት የሸክላ ሠሪ ልጆችን በቃለ መጠይቅ ጣላቸው። በወረቀት «የማኅበረሰብ ቅቡልነት የላቸውም» ብሎ ጻፈ። ጌታነሽ ልትከራከር ስትሄድ በአፉ ተረጎመላት፦

«ልጄ፣ በሽተኛ እነሱ ፊት እንዴት እህል ይቀምሳል?»

ቂም አልያዘችም የሚል ካለ አያውቃትም።

በወሩ የዳኜ ትርፍ አንጀት ተቆጣ። ዘመዶቹ «ቡዳ በልቶት ነው» ብለው ሁለት ቀን አጠኑት። ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን የበላውን ይጠራል ይባላልና፣ በጭሱ መካከል የጌታነሽን ስም ጠራ። ሲብስበት በላችው ወደተባለችው ሐኪም ተሸክመው አመጡት። ሆዱን ከፈተች፣ መግሉን አጠበች፣ ሰፋች። ሞቶ ቢገላገል አይበቃትም ነበር።

ምግብ ሲፈቀድለት ሾርባውን በጋቢ ከለለ።

«ይግለጡት» አለችው። «አንጀትዎ መቀበሉን ማየት አለብኝ።»

«አንቺ ውጪና እበላለሁ።»

«ሳላይ ወደ ቤትዎ አልሸኝዎትም።»

ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። ረኃብ ግን ዲን አያውቅም፤ በማግሥቱ ጋቢውን ገለጠ። ያኔ የጣላቸውን ሦስት ልጆች አስገብታ ከአልጋው ግርጌ አቆመቻቸው።

«ይብሉ እንጂ፣ ጋሼ» አለች ከመካከላቸው ኮከቤ የምትባለው። «ይቀዘቅዝብዎታል።»

እያዩት በማንኪያ በማንኪያ ጨረሰ።

«ሆድዎስ?» አለች ጌታነሽ።

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉልኝና ወደ ቤትዎ እሸኝዎታለሁ።»

«በእነሱ ፊት በላሁ፤ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

የኮሌጁ ጉባኤ ስለ ልጆቹ ያቀረበችውን ቅሬታ ሲሰማ ወረቀቱን ለጸሐፊው አልሰጠችም። ሰብሳቢው ራሱ ዳኜ ነበርና ፊቱ አኖረችው። «ራስዎ ያንብቡት» አለች። አነበበ። አንድ መምህር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጆቹ በዚያው ቀን ተመዘገቡ።

ዳኜ በረንዳው ላይ ደረሰባት።

«አሁንስ በቃሽ፣ ዶክተር?»

«ያምናዎቹንም ጥለዋል» አለችው። «የካቻምናዎቹንም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮዎ ነኝ።»