እስከ ክርን የተቀበረው ግንድ

ሰፈሩ «ጋሼ ክርን» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አትክልተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየጸደዩ በሚዘጋጀው የጓሮ አትክልት ኤግዚቢሽን ላይ የዛፍ ችግኝ አተካከል ያስተምራሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ጉድጓድ ውስጥ ይከቱና፣ «ግንዱን እስከ ክርን ቅበሩት፤ ነፋስ ንቅንቅ አያደርገውም» ይላሉ። ቅጽል ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አስተማሩ።

ባለፈው ወር የገዛ ጓሯቸው ብርቱካን ደረቀ። ሊነቅሉት ሲቆፍሩ፣ ከአፈር በታች ያለው የግንዱ ቅርፊት እንደተቀቀለ ድንች ተገሸለጠ። በስብሷል። ጎረቤት ሄደው ቆፈሩ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ቤት ቆፈሩ፤ ያው። ዛፉ ስድስት ሰባት ዓመት ደህና መስሎ ስለሚኖር ማንም አልጠረጠራቸውም፤ እሳቸውም ራሳቸውን አልጠረጠሩም።

የትምህርቱ ዕለት ጠዋት ባለቤታቸው፣ «ዘንድሮ ትክክለኛውን አስተምርና ዝም በል። ያለፈውን ማን ቆፍሮ ያየዋል?» አሏቸው።

«እኔ ቆፍሬ አየሁታ!»

«እንግዲያው ስምህንም አብረህ ቅበረው።»

ትምህርቱ የሚሰጠው ከኤግዚቢሽኑ አጠገብ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ነው። አርባ የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ፣ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ክርን የበሰበሰውን ግንድ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አሳስቻችኋለሁ» አሉ። «ሥሩ ከግንዱ የሚነሣበት ቦታ ከአፈር በላይ መታየት ነበረበት። ቃሌን ሰምታችሁ የቀበራችሁ ዛሬውኑ ግለጡት። የደረቀውን ግን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ከኋላ የተቀመጡት ግንዱን ሊያዩ ተነሡ።

«ጋሼ፣ የኔ ማንጎ አምና ሄደ እኮ!» አለ አንድ የታክሲ ሹፌር። «ውሃ አላጠጣሽም ብዬ ከሚስቴ ጋር ወር ሙሉ ተኳርፈናል። አሁን ማን ያስታርቀኛል?»

ሰው ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ግን አልሳቁም።

«እኔ ምራቴን ነው ያባረርኩት» አሉ። «ሎሚዬን የልብስ እጣቢ እየደፋሽ ገደልሽብኝ ብዬ። አልደፋሁም ብላ ማለች። ውሸታም አልኳት። ልጄም ተከትሏት ወጣ። ይኸው ሁለት ዓመቱ።»

ጋሼ ክርን ግንዱን በጋዜጣ ጠቀለሉ።

«ቤቷን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ደጃፉን ግን ረግጬው አላውቅም።»

«ይነሡ፣ እንሂድ።»

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምራቲቱ በሩን ከፍታ አማቷን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ጋሼ ክርን ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጋዜጣውን ፈቱ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት። እሷም ግንዱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እርስዎ የእርስዎን ተናገሩ» አለች። «ውሸታም ያሉኝ ግን እርስዎ አይደሉም።»

ልብስ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ወደ ደጃፉ ቀረቡ። ምራታቸው የበሩን እጀታ እንደያዘች ጠበቀች። ከዚህ በኋላ ያለው የእሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ጋሼ ክርን ገባቸው፤ ግንዱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ደረጃውን ወረዱ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብለው ጆሯቸውን ጣሉ። በሩ ሲዘጋ አልሰሙም። የሰው ድምፅም አልሰሙም።