የአቶ ደግፌ ክንድ

ወገቤ ካስቸገረኝ ቆይቷል። ባለፈው ወር ልጄ ክርክሬን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ በባጃጅ ጭና ወሰደችኝ። እዚህ አሰላ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አረጋውያንን ብቻ የሚያሠሩበት ጂም ተከፍቷል። አሠልጣኟ ሃዊ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ቢበዛ ሃያ አምስት ነው። ብረቱንም መሮጫውንም አላሳየችኝም። ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠችና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጠይቀኝ ጀመር። ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሚያደርገኝ፣ ስነሣ ያዞረኝ እንደሆን። መልሴን እስክጨርስ ትጠብቃለች። አንዱን ጥያቄ ሁለቴ ስላስደገምኳት ወንበሯን ወደ ቀኜ አዞረች።

«የግራው ጆሮዎት ምን ሆኖ ነው፣ አባባ?»

«ተመትቼ ነው።»

«ማን መታዎት?»

«የሚገባኝን የሰጠኝ ሰው» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን ያን ቀን አልነገርኳትም።

በ1965 ዓ.ም. ክረምት የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የተወለድኩት አሰላ ነው፤ የስፖርት መምህርነት ኮርስ ወስጄ ተመልሼ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገበያ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በኢተያ መንገድ ሰፊ መሬት የነበራቸው አንድ ግራዝማች አስጠሩኝ። በዚያ ዘመን ባለመሬቱ ሁሉ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን የሚያስነሣበት ጊዜ ነበር። የግራዝማች ትራክተርም በድንጋይ ተደብድቦ መስታወቱ ረግፏል።

«ዐሥራ ሁለት ዘበኛ አለኝ» አሉኝ፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው። «ሁሉም አርጅተዋል። ድንጋይ ሲወረወር የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል። ሰው አድርግልኝ።»

አደርጋለሁ አልኩ። ሽማግሌ ማሠልጠን ምን እንደሚጠይቅ ያስተማረኝ አልነበረም፤ የሚጠይቀው ነገር መኖሩንም አላሰብኩም። እኔ የማውቀው ሩጫና ፊሽካ ነው፤ የሚለግም ተማሪን ደግሞ በአርጩሜ ባቱን መሸንቆጥ።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ አውድማው ላይ አሰለፍኳቸው። የጭላሎ ተራራ ጉም እስከ ገብሱ ማሳ ወርዶ መሬቱን ሁሉ አርሷል፤ አየሩ ናፍጣና እርጥብ ጭድ ይሸታል። ከስልሳ በታች የሆነ የለም። በባዶ ሆዳቸው አስሮጥኳቸው፤ ጭቃ ላይ አስተኝቼ አስነሣኋቸው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አባቴ የሚሆኑትን ሰዎች «አንተ! ቶሎ በል!» ማለቴ ነው። ከመካከላቸው ሃምሳ አለቃ ጥሩነህ የሚባሉ የድሮ ወታደር ነበሩ፤ ዳሌያቸው ላይ የቆየ የጥይት ቁስል ነበራቸውና ያነክሳሉ። በሁለተኛው ቀን ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ ሰዎቹ ልጅ አይደሉም» አሉኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ሁሴን ወደ ኋላ ቀሩ። ሰባ ዓመት የሆናቸው ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ጀማል እዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ነው። አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዛሬ ቢሆን ያ ከንፈር ብቻውን በቃ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ልግመት ነው። ከኋላ ሄጄ በአርጩሜው ቋንጃቸውን መታሁ።

ጉልበታቸው ከዳቸው። ቀኝ እጃቸውን ቀድመው ሲወድቁ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደረቅ እንጨት በጉልበት ላይ ሲሰብሩት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ላነሣቸው ብብታቸውን ስይዝ፣ «ዲሲ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ተወኝ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲያ ሆነው እንኳ ልጄ አሉኝ።

ቀና ስል ሃምሳ አለቃ አርጩሜውን ከእጄ ነጥቀውኛል። በወፍራሙ በኩል አዙረው በግራ ጆሮዬ ላይ አሳረፉት። ተንበረከኩ፤ ደግመው መቱኝ። ደሙ አንገቴን አልፎ ፊሽካዬ ላይ ተንጠባጠበ። ከዐሥሩ አንዱም «ተው» አላለም። እኔም እጄን አላነሣሁም።

ግራዝማች ወሬውን ሲሰሙ ሳቁ። በዚያው ሳምንት ግን ኦቦ ሁሴንን አሰናበቷቸው፤ እጁ የተሰበረ ዘበኛ ምን ይሠራል ብለው። ኦቦ ሁሴን ልጃቸው ቤት ገቡ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለግራዝማች መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

በተመታሁ በማግሥቱ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ግን ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ አውድማው ዳር ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጆሮህ እንዴት ነው?»

«ይጮህብኛል።»

«ይጩህ። በቀረህ ጆሮ ስማኝ እንግዲህ።» ግንዱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ተቀመጥ። አሁን እጅህን ሳትደግፍ ተነሣ።» ተነሣሁ። «አየህ፣ አንተ እንዴት እንደተነሣህ እንኳ አታውቅም። እነሱ ግን ያውቁታል። ዛሬ አታሩጣቸው። ሲቀመጡና ሲነሡ ብቻ እያቸው።»

ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ መሬቱን ሞቅ እስክታደርግ ጠበቅን። ከዚያ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱ ጭኑን በሁለት እጁ ገፍቶ ይነሣል፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ተወዛውዞ ነው፤ አንዱ ከተነሣ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆማል። እያንዳንዱን ምክንያቱን ጠየቅሁ፤ እርስዎ እያልኩ። ዓይኑን የሚጨፍነው ሰው ጠዋት ሲነሣ ያዞረው ኖሯል፤ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በጭቃ አንከባልለው ነበር። ሃምሳ አለቃ ሲያራምዱ ደግሞ ከጎናቸው ሆነው ወሬ ያስወራሉ። ሰውዬው ወሬውን መቀጠል ሲያቅተው እግሩንም ያስቆሙታል። እኔም ያንን ያዝኩ። ከሥራው በኋላ በቅቤ የታሸ ጭኮ ይቀርብና አብረን እንበላለን፤ በመብላት ላይ ሳሉም አያቸዋለሁ፤ ማን የቀንድ ማንኪያውን በየትኛው እጁ እንደሚያነሣ፣ የማን ጣት እንደሚንቀጠቀጥ።

በጣም የደከምኩት በአቶ ደግፌ ነው። ቀኝ ትከሻቸው ደርቆ ክንዳቸው ከጆሯቸው በላይ አይወጣም። ጋቢያቸውን የምታለብሳቸው ሚስታቸው ናት፤ በዚህም በጣም ያፍራሉ። ከእህል መጋዘኑ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት አቆማቸውና በጣቶቻቸው ወደ ላይ እንዲድሁ አደርጋለሁ፤ የደረሱበትን በከሰል አሰምራለሁ። ሲያማቸው ያቆማሉ፤ እኔም አልገፋቸውም። ምልክቱ በየሳምንቱ ከፍ አለ። መስከረም ላይ፣ መስኩ በአደይ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን ራሳቸው አጣፍተው መጡና ከፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ከተከፈተም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ግራዝማች መጥተው ዐሥራ አንዱ ዘበኞች ዱላ ይዘው ሲራመዱ፣ ሲዞሩ፣ ሲቀመጡና ሲነሡ አዩ። «አሁን ለሥራ ደርሳችኋል» አሉ። የትኛው ሥራ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ አውድማው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። የትራክተሩን ድምፅ ተከትዬ ወደ ጭሰኞቹ መንደር ወረድኩ። ግራዝማች ጠመንጃቸውን አንግተው በበቅሎ ላይ ናቸው፤ ዘበኞቹ ከፊት ተሰልፈዋል። ቤቶቹ እንዲፈርሱ ታዟል። ሴቶች እያለቀሱ ዕቃ ያወጣሉ። ወንዶቹ በኦቦ ሁሴን ልጅ በጀማል ቤት በር ላይ ተሰብስበዋል፤ ኦቦ ሁሴንም የተጣመመ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከልጃቸው ጎን ቆመዋል።

«አስወጧቸው» አሉ ግራዝማች።

ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ግራዝማች፣ እኔ ከዘራፊ ልጠብቅ ነው የተቀጠርኩት» አሉ። ግራዝማች በቅሎዋን ነድተው መጡና በጠመንጃው ሰደፍ ግንባራቸውን አሏቸው። ሃምሳ አለቃ እንደ ጆንያ ወደቁ። ወዲያው ድንጋይ ዘነበ። የትራክተሩ ነጂ ዓይኑን ይዞ ጮኸ። ዘበኞቹ በዱላ ገቡበት፤ ሽማግሌዎቹ ሳይሆኑ ሌሎች ሰዎች ይመስሉ ነበር። አንዱ ጎረምሳ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ፤ አንዲት ሴት ምጣድ ይዛ ዘበኛ ስትመታ ክንዷን ቀጠቀጧት። ባሠራኋቸው እግሮች ሲረግጡ፣ ወድቀውም ባስተማርኳቸው አነሣስ ተነሥተው ሲመለሱ አየሁ።

ጀማል አባቱን ከኋላው አድርጎ አቶ ደግፌ ፊት ቆመ። የአቶ ደግፌ ክንድ ተነሣ። ጆሯቸውን አለፈ፤ ከሰል ያሰመርኩበትን ምልክት ሁሉ አለፈ፤ ቀጥ ብሎ እስከ ላይ ወጣ። ከዚያ ዱላው በጀማል አናት ላይ ወረደ።

ልጁን እኔና ኦቦ ሁሴን ተሸክመን እስከ መንገዱ ወጣን። ኦቦ ሁሴን በአንድ እጃቸው እግሩን ይዘዋል። በእህል መኪና ላይ ጭነን አሰላ ሐኪም ቤት አደረስነው። በሦስተኛው ቀን አረፈ። አባቱን ከቀብሩ ሰዎች ደግፈው መለሷቸው።

ወደ ግራዝማች ቤት ዳግም አልሄድኩም። ሃምሳ አለቃ ግንባራቸው ሲድን ወደ ዘመዶቻቸው ወደ አርቦዬ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ኦቦ ሁሴን አሰላ ዳር እኅታቸው ቤት ተጠጉ። ሁለት ወር ሙሉ ደጃቸው ድረስ እየሄድኩ እመለስ ነበር። በመጨረሻ ገባሁ።

«እጅዎን ላሠራው ብዬ ነው» አልኳቸው።

የተጣመመ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «የደግፌን ክንድ ያነሣኸው አንተ ነህ ይላሉ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው የኔንም አንሣው።»

ለምን እንደፈለጉት ገብቶኛል። የገባኝ ያኔውኑ ነው፤ በኋላ የደረስኩበት ነገር አይደለም። እምቢ ልላቸው አፌ አልቻለም፤ የሰበርኩት እኔ ነኝና። ለብ ያለ ውኃ በጨው፣ የተጠቀለለ ጨርቅ መጨበጥ፣ ከዚያ የማማሰያ እንጨት ማዞር፣ ከዚያ ውኃ የተሞላ ጣሳ ማንሣት። እየሠሩ አያወሩም። እኔ ግን ፊታቸውን እያየሁ የሚበቃቸውን አውቅ ነበር።

ሰኔ 1966 ላይ ከተማው ሁሉ ስለ ወታደሩና ስለ ታሰሩት ሹማምንት ሲያወራ፣ ኦቦ ሁሴን አንድ ጠዋት ወፍራም ዱላ ይዘው መጡ። «ኢተያ መንገድ አብረኸኝ ና» አሉ። ሄድኩ። በአውቶቡስ ውስጥ ዱላውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ተቀመጡ።

አቶ ደግፌ ዘበኝነቱን ትተው ቤታቸው ነበሩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩን ተነሡ፤ አልሸሹም። መልሰው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ሁሴን» አሉ፣ «ግባ አልልህም። የመጣህበትን አድርግ።»

የኦቦ ሁሴን ክንድ ተነሥቶ በአቶ ደግፌ ቀኝ ትከሻ ላይ ወረደ። አጥንቱ ሲሰበር በደኅናው ጆሮዬ ሰማሁት። አቶ ደግፌ አቃሰቱ እንጂ አልተንቀሳቀሱም። ዱላው ሁለተኛ ተነሣ፤ አሁን ለራስ ቅላቸው ነው። እጄን መዘርጋት እችል ነበር፤ አልዘረጋሁም። ዱላው እንደተነሣ ቆየና ከኦቦ ሁሴን እጅ አምልጦ መሬት ወደቀ። ጥለውት ይሁን፣ ጣቶቻቸው ደክመው ይሁን፣ ያሠራሁት እኔ ሆኜ እንኳ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኦቦ ሁሴን ጭቃው ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ሽማግሌዎች ገብተው ወራት ፈጅቶባቸው ደሙን አደረቁት። መሬቱም በዓመቱ ተወረሰ፤ የአቶ ደግፌ ክንድ ግን ዳግመኛ አልተነሣም። ላሠራዎት ስላቸው፣ «ይቅር፣ እንዲህ ይሻለኛል» አሉኝ።

ሃዊ ባለፈው ወር፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ጠዋት፣ ደብተሯን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«የመጨረሻው ነው፣ አባባ። ብርታት ቢያገኙ ምን ሊያደርጉበት ይፈልጋሉ?»

ሁሉንም ሰው እንደምትጠይቅ ነገረችኝ፤ መልሱን ሳትጽፍ ማንንም አታስጀምርም። አርባ ዓመት ስፖርት ሳስተምር ይህን ጥያቄ ለማንም አላቀረብኩም። ዐሥራ አንዱን ብጠይቃቸው ኖሮ ምን እንደሚሉኝ እገምታለሁ፤ አቶ ደግፌ ጋቢዬን ልለብስበት ነው ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውንም ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ግራዝማችን ነው። ኦቦ ሁሴንን ግን መልሱን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። ሰውን በማጠንከርና በመርዳት መካከል ልዩነት እንዳለ በዚህ ዕድሜዬም ለማንም በቅጡ አስረድቼ አላውቅም፤ ይቺ ልጅ በአንድ መስመር ጽፋ ትጨርሰዋለች።

ስክሪብቶዋን ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር።

«የባለቤቴ መቃብር ዳገት ላይ ነው» አልኳት። «ሁለት ዓመት ሆነኝ ካየሁት።»

ጻፈችው። ከዚያ ተነሥታ፣ ክንዷን ሳልይዘው ግን ብፈልግ በምደርስበት ርቀት፣ ከጎኔ ቆመች።