መብራቱ ያልጠበቃት ልብስ ሰፊ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ለሙያዋ ብቻ ሳይሆን ለምላሷም ጭምር። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን የሚሮጠው ምላሷ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቷ ከሰፊው አስፋልት ማዶ አልጋ ይዛ ተኝታ ነበር። አክስቴ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ፣ በምርኩዝ እየተደገፈች፣ በየቀኑ ተሻግራ ታጎርሳታለች። በሌላ ሰው እጅ እህትየዋ አፏን አትከፍትም።

ከዚያ የትራፊክ መብራቶቹ ተቀየሩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፤ አስተውሎቱን እንጃ። በካሜራ መኪናውንና እግረኛውን እያየ፣ ከዚያው እየተማረ፣ ጊዜውን ራሱ ያከፋፍላል። አንድ ቀን አክስቴ ግማሽ መንገድ ላይ እያለች ቀይ በራባት። መኪናው ከግራ ከቀኝ ጥሩምባውን ሲያንባርቅባት ምሳ ዕቃውን ለቀቀችውና እዚያው ቆማ አለቀሰች። ደግፈን መለስናት።

ሰፈራችን ደግ ነው፤ ያጠፋንም ደግነቱ ነው። «እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እናደርስልዎታለን» እያሉ ጎረምሶቹ የእሷንም የሌሎቹንም አዛውንቶች ጉዳይ በሩጫ ያደርሱ ጀመር። አረንጓዴው ይባስ አጠረ። ምሳውም እንደሄደ ይመለሳል።

የመብራቶቹ መሐንዲስ ካሜራውን ሊያይ ሲመጣ አክስቴ ከሱቋ ወጥታ ያዘችው።

«ልጄ፣ ይሄ መብራትህ ትንሽ ቢታገሠኝ ምን ይጎድልበታል?»

«እማማ፣ እሱ የሚማረው ካየው ነው። እዚህ የሚሻገረው ሁሉ ሯጭ ሆነበት፣ አሳጠረው። ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲሻገር ካየ ያረዝመዋል። ለአንድ ሰው ግን አያደርገውም።»

«እህቴ እኮ ያለችኝ አንድ ናት!»

ልጁ ክፉ አይደለም። ራሱን እያከከ ለአለቆቹ እንደሚነግር ቃል ገባ። አለቆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

እኛም ተማከርን። ሥራ የማይገባበት ቀን እሑድ ነውና፣ እሑድ ሁላችንም ወጥተን፣ አክስቴን መሀል አድርገን፣ እየተንቀራፈፍን ልናሻግራት ተስማማን። አክስቴ ደስ ብሏት ለእህቷ አዲስ የሌሊት ልብስ መስፋት ጀመረች።

እህትየዋ ዓርብ ሞተች። ያን ሰሞን አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። እኔም በማንኪያ ለምኛት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራብኛለች።

ቅዳሜ ሰፈሩ ነቅሎ ለለቅሶ ወጣ። አክስቴን ደግፈን፣ በእሷ እርምጃ ልክ፣ አስፋልቱን ሞልተን ገባንበት። አረንጓዴው እሷ ማዶ እስክትደርስ አልጠፋም።