ቃሬዛ ላይ ሆኖ እጅ የነሳው ወንድሜ

ልጆቹ "እማማ፣ አጎታችን ሆስፒታል ውስጥ ሊሞት የነበረው እንዴት ነው? ይንገሩን" ብለው ያዙኝ። ከክምር ላይ መውደቁን ያውቃሉ። ክምሩ ግን አልገደለውም፤ ሊገድለው የነበረው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያደረገው ጉዞ ነው።

እኔ እግሬ አያርፍም፤ ያን ጊዜም ራቤል ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ገና መመለሴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የገብስ ክምር ሲያስተካክል ቁልቁል መጣና ራሱ ከድንጋይ ተጋጨ። አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት። ሆስፒታል ስንገባ እስትንፋሱ ነበረ፣ እሱ ግን አልነበረም።

ሐኪሙ "አንጎሉ ሳያብጥ አይቀርም፤ ግቢውን ተሻግሮ የጭንቅላት ፎቶ ይነሳ" አለ። ሲስተሯም አስጠነቀቀች፦ "ራሱ ከፍ ይበል፣ አንገቱ አይነቃነቅ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ እንዳይወልቅ።"

ጎማ ያለው አልጋ ቀረበ። የኛ ጀግኖች አዩትና ናቁት።

"በትከሻችን ገደሉን አሻግረን ያመጣነውን ሰው እዚህ ሜዳ ላይ በጋሪ እንግፋው?" አለ የወንድሜ አማች፣ ከአራቱ አጭሩ። "ምን ይሉናል?"

"ማን ነው የሚላችሁ?" አለች ሲስተሯ።

"አገሩ ነዋ!"

አነሱት። አጭሩ በራስጌ፣ ረጅሙ በግርጌ። ከፍ ይበል የተባለው ራስ ከእግሩ በታች ዋለ። ሲስተሯ ኦክስጅኑን እየጎተተች ከኋላ ትሮጣለች።

ግቢው ደግሞ ባገራችን ሰው እንደ ገበያ ሞልቷል። "እግዜር ይማርላችሁ!" ይላል አንዱ። ተሸካሚዎቹ ቆመው "አሜን! ደህና ሰነበታችሁ?" ብለው ጎንበስ ይላሉ። እነሱ ጎንበስ ሲሉ ወንድሜም አብሮ ጎንበስ። በዕድሜው ለሰው እንዲያ እጅ ነስቶ አያውቅም።

"ኧረ አትቁሙ! ኦክስጅኑ እያለቀ ነው!"

"ልጄ፣ ሰላምታ ይታለፋል እንዴ?" ይላታል ረጅሙ።

በመጨረሻ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አወጡ። አራቱም ሊሳለሙ ዝቅ ሲሉ ቱቦው ወለቀ። ወንድሜ አስታወከ፣ ፊቱ ጠቆረ። ሲስተሯ ቃሬዛውን መሬት አስወረደች፤ ራሱንና ትከሻውን አንድ ላይ ይዛ በጎኑ አዞረችው፣ አፉን ጠረገች፣ ቱቦውን መለሰች። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቀረሁ። መተንፈስ ሲጀምር "ወደ ክፍሉ መልሱት፤ በጎማው!" ብላ ጮኸች። ፎቶው ሳይነሳ ቀረ።

በማግስቱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኩትና ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ሰነፈ። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩና በየለቅሶው መሳቂያው አጭሩ አማች ሆነ። "ፎቶውን ያስቀረው ያንተ ቁመት ነው!" ይሉታል። ወንድሜ ጠላ ባፈሰሰ ቁጥር ሁሉም ወደ እሱ ዞር ይላል። ምስኪን፣ አንገቱን ይደፋል።

ከስንት ዓመት በኋላ ያቺን ሲስተር ዘመሮ ገበያ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ፣ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቀን የፎቶው መሣሪያ ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቶ፣ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ዘበኛው ሳይቀር ያውቅ ነበር። ለሐኪሙና ለእሷ ብቻ ማንም አልነገራቸውም።