የመርፌ ማዋያ ቤት

ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሥራዋም ከቅጥነቷም የተነሳ ሰፈሩ «መርፌ» እያለ ሲጠራት ስለኖረ፣ ከቤተሰቧ ውጭ የእናት አባት ስሟን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። የወለደችው አንድ ሴት ልጅ ነው። ልጅቷ አንገቷ ሳይጸና፣ ሳትቀመጥ፣ አፍ ሳትፈታ አደገች። መርፌ ከስፌት መኪናው አጠገብ ፍራሽ አንጥፋላት፣ እየሰፋች ታጫውታት ነበር።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ የሆነች አትክልት ሻጭ እንደዚያው ያለ ልጇን ታቅፋ መጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ በር ቆልፋበት ነበር ገበያ የምትሄደው። እስከ ምሳ ብቻ እንድትይዝላት ለመነቻት። እስከ ምሳ የተባለው ልጅ እስከ ማታ ዋለ፤ በነጋታውም መጣ። ወሬውን የሰሙ ሌሎች እናቶች ተከተሉ። ቤቱ ሲጠብ፣ ከባንክ ጡረታ የወጣው የባሏ ታላቅ ወንድም «ይሄ ነገር በወግ በወጉ ይያዝ» ብሎ ማኅበር አቋቋመ፤ የቦርድ ሰብሳቢም ሆነ። ሦስት ክፍል ተከራዩ፤ ሁለት ሞግዚት ቀጠሩ። ሥራው ግን ያው ነበር፤ ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጫወት።

ጣጣው የመጣው ረጂ ሲገኝ ነው። ረጂዎቹ ልጆቹን አይተው ሊረዱ ፈለጉ፤ ገንዘባቸው ግን የተመደበው ለሴቶች የሙያ ሥልጠና ነበር። ሰብሳቢው እናቶቹም ሴቶች ናቸው፣ ምን ቸገረን አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ኪራይ ያስጨነቃት መርፌም እሺ አለች። በሰፊው ክፍል የስፌት መኪና ተደረደረ። ሠልጣኝ ግን ከየት ይምጣ? እናቶቹ ልጆቻቸውን የሚያመጡት እንጀራቸውን ፍለጋ ለመሄድ ነው። ስለዚህ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከሥራቸው እየተለመኑ ይቀሩና፣ መኪናው ፊት ተቀምጠው ጨርቅ ያገላብጡ ጀመር።

ይህ ሳይረጋ፣ ማኅበራትን የሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ ባለሙያ ደረሰ። ልጅ የሚሰበሰብበት ቤት ወይ ትምህርት ቤት ነው ወይ ክሊኒክ ነው አለ። ሐኪም ስለሌላቸው ትምህርት ቤት ሁኑ ተባሉ። ሁለተኛው ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለበት፤ ራሳቸውን ችለው የማይቀመጡ ልጆች በጨርቅ ከወንበር ጋር እየታሰሩ ፊደል ፊት ተደረደሩ። ሦስተኛው ክፍል ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት ስለሆነ፣ ያም የማይሆንላቸው ልጆች ፍራሻቸው ኮሪደር ወጣ። የመርፌ ልጅም ከእነሱ ጋር ወጣች። መርፌ ማታ ማታ ለባሏ፣ ሥራሽ ምንድነው ብሎ ሰው ቢጠይቀኝ መልስ የለኝም እያለች ታማርር ነበር። እሱ ሾፌር ነው፤ ደክሞት ይገባል። ኪራዩ እስከተከፈለ ድረስ ምን አንጨረጨረሽ ይላትና ይተኛል።

ክፉ አጋጣሚ ሆነና ረጂዎቹና የቢሮው ሰው በአንድ ቀን መጡ። ሰብሳቢው አንዷን ሞግዚት የስፌት አሠልጣኝ፣ ሌላዋን መምህርት አድርጎ አቆማቸው። መርፌ እንግዶች አስከትላ፣ በአንዱ በር ስለ ሴቶች ገቢ፣ በሌላው ስለ ፊደል ስታወራ ረፈደ። ኮሪደሩን የሚያይ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ገበያ የቀዘቀዘባት አትክልት ሻጭ ቀድማ ስትመለስ፣ ልጇን በሽንት የራሰ ፍራሽ ላይ፣ ለቅሶ አድክሞት አገኘችው። እንግዶቹ ቆመው እያዩ አነሳችው፤ ራሷ አጠበችው።

መርፌ ይቅርታ ልትጠይቅ ቀረበች።

«እትዬ፣ እኔ ልጄን አምኜ የሰጠሁት ለእርስዎ ነው» አለቻት፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ሌላ ነገር ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበር?»

አዝላው ሄደች። በነጋታው አላመጣችውም። መርፌ ቤቷ ድረስ ብትሄድ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ከውስጥ የልጁ ድምፅ ይሰማል። ቁልፍ የላት፣ ምን ታድርግ? ደፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ በበሩ ስንጥቅ እያባበለችው እናቱ እስክትመጣ ዋለች።

ቦርዱ ሲሰበሰብ መኪናዎቹ ይመለሱ፣ ሰሌዳውም ይውረድ አለች። ሰብሳቢው ደሙ ፈላ።

«ያጎረሰ እጅ ይነከሳል? ነገ ኪራዩን ማን ሊከፍልልሽ ነው?»

«አላውቅም፣ ወንድም ጋሼ። እኛ የምናውቀው ልጅ መያዝ ነው። በዚሁ የሚረዳን ካለ ይርዳን፤ ከሌለ በአቅማችን እንያዝ።»

ሰብሳቢነቱን ጥሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲመጣ እንኳ ሰላም አይላትም። ረጂዎቹ በጨዋ ቋንቋ አመስግነው ቀሩ። ማኅበሩ ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱን ለቀቀ፤ አንዷ ሞግዚትም ተሰናበተች። የአትክልት ሻጯ ልጅ ተመለሰ። የቀረችው ክፍል ግን ሁሉንም አትይዝም፤ መርፌ ብዙዎቹን እናቶች ቦታ የለም ብላ በገዛ አፏ መለሰቻቸው። እነሱም እሷ በግትርነቷ ልጆቻችንን አስቀጣች ይላሉ። እውነት እንዳላቸው ስለምታውቅ ነው ይበልጥ የሚያንገበግባት።

ቢሮው ዛሬም ያመላልሳታል። ባለፈው ሳምንት ባለሙያው ትዕግሥቱ አልቆ፣ «እህቴ፣ ትምህርት ቤት አይደላችሁ፣ ክሊኒክ አይደላችሁ፤ ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግባችሁ?» አላት።

«ማዋያ ቤት» አለችው።

እንደዚያ የሚባል ነገር መመሪያው ውስጥ እንደሌለ፣ ሲሻሻል እንድትመለስ ነገራት። መቼ እንደሚሻሻል ብትጠይቀው አላወቀም። ተከራክራው ቢሆን ደስ ባላት፤ ነገር ግን ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ሞግዚቷም ብቻዋን ናት። ቦርሳዋን አንስታ እየተበሳጨች ወጣች።